በሰኔ ውኃ የምትጠማ ተክል

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል። ዛሬ ግን ከአንዲት ተክል ልጀምር።

ፌኔስትራሪያ ትባላለች። ስሟ በላቲን መስኮት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቅጠሎቿ የሕፃን የእግር ጣቶች ይመስላሉ። የእያንዳንዱ ጫፍ ግን እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። በአገሯ አካሏ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ጫፎቹ ብቻ ብቅ ይላሉ። ብርሃኑ በመስኮቷ ገብቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ምግቧን እዚያው፣ ከፀሐይና ከነፋስ ተሸሽጋ ትሠራለች። ይህን ስሰማ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም።

የመጀመሪያዋን ገደልኳት። ጥር ነበር። እዚህ ኬፕ ታውን ጥር የሙቀት ወር ነው። ጠማት ብዬ በየሁለት ቀኑ አጠጣኋት። ቅጠሎቿ አበጡ፣ ተሰነጠቁ፣ ከዚያ ከሥራቸው በሰበሱ። ለካ በሙቀቱ ወራት እረፍት ላይ ናት! በጣም አዘንኩ። እማማ እኮ በጣታቸው አፈሩን ሳይነኩ በወተት ጣሳ የተከሉትን አበባ አያጠጡም ነበር።

አገሯ የደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ሪክተርስቬልድ፣ እና ኦሬንጅ ወንዝን ተሻግሮ ያለው የናሚቢያ ባሕር ዳርቻ ነው። ዝናቡ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባው ከ1,000 ያልፋል። ቤንጌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት ባሕሩን ስለሚያቀዘቅዘው ጉም ወደ በረሃው ይገባል። ያችው ጥቂት ዝናብ ደግሞ የምትመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ በነሰኔ፣ በነሐምሌ። አየሽ፣ በኛ ክረምት ጊዜ! ይህ ሲገባኝ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሁለተኛዋን ስገዛ ከዘር የበቀለች መሆኗን አጣርቼ ነው። እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ተክሎች ከበረሃው እየነቀሉ የሚሸጡ ሌቦች አሉ፤ ያንገበግበኛል። አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልኳት። ቅጠሏን ግን አልቀበርኩም፤ ቤት ውስጥ አሸዋው እንደ በረሃው ቶሎ ስለማይደርቅ ይበሰብሳል።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ውጭ ይዘንባል። ትናንት አፈሩን በጣቴ ነካሁ፤ ደርቋል። ትንሽ አጠጣኋት።

እናንተስ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው? የእማማ ጣሳዎች አሁንም በረንዳው ላይ ናቸው? ጻፊልኝ። እማማን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ፣ ከኬፕ ታውን