ራኬት ይዞ ኮሌጅ ለመግባት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ልጆቻችን በቴኒስ ኮሌጅ ይገባሉ ብለን የምንደክም አሜሪካ ያለን ወላጆች ሒሳቡን ቀድመን ብናውቅ ይሻላል። እስከ 2025 ድረስ በዲቪዥን አንድ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ የአንድ ኮሌጅ የወንዶች ቴኒስ ቡድን መስጠት የሚችለው 4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ የሴቶቹ 8። ለነጠላ ጨዋታ ግን ስድስት ሰው ይሰለፋል። ስለዚህ የወንዶቹ አሰልጣኝ ያችኑ 4.5 ሸራርፎ ያድል ነበር፤ ለአንዱ ሩብ፣ ለሌላው ግማሽ። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው የኮሌጅ ስፖርተኞች ክስ ስምምነት በገቡበት ኮሌጆች ይህን ጣሪያ አንስቶ ቡድኑን በ10 ተጫዋች ገደበው። ደስ ይላል፤ ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ቴኒስ እንደ አሜሪካን ፉትቦሉ ትኬት አይሸጥም። አሰልጣኝ ሲደውልላችሁ ስለ ሜዳው ውበት ተዉት። ዘጠነኛውና አሥረኛው ልጅ ስንቴ እንደሚሰለፍ፣ ከቡድኑም ስንቱ እንደሚመረቅ ጠይቁ።

አንድ አባት፣ ከሜሪላንድ