ከቅዳሜው ፊልም በኋላ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አባላት፣

ቅዳሜ «ባትልስታር ጋላክቲካ» የተባለውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ጨርሰን ስንወጣ ማንም ትንፍሽ አላለም። የደሴ ብርድ ነው እንዳልል ጋቢ ለብሰን ነበር። እስከ ፒያሳ በዝምታ ወረድን።

እኔን የያዘኝ የአዳማ ነገር ነው። (የከተማዋ አይደለም፣ የጦር መንኮራኩሯ አዛዥ!) ካንሰር የጨረሳትን ፕሬዚዳንቷን ሮዝሊንን በትንሿ መንኮራኩር አሳፍሮ ምድርን እያሳያት እዚያው ታርፋለች። አይጮህም። የራሱን ቀለበት አውልቆ ጣቷ ላይ ያጠልቅላታል። ከዚያ መቃብሯ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለሚሠራው ቤት ያወራታል። እኛ ጋ ቢሆን ድንኳን ተተክሎ፣ እስላም ክርስቲያኑ ከቦት «አብሽር» ይለው ነበር። እሱ ግን በሕይወት የቀረውን ልጁን እንኳ ተሰናብቶ ነው የሄደው።

በአብራሪዋ በካራ ጉዳይ ደግሞ ተጨቃጨቅን። የእጮኛዋ የዛክ አሠልጣኝ ነበረች፤ በበረራ ሥልጠናው መውደቅ ሲገባው ስለወደደችው አሳለፈችው። አብራሪ ሆኖ ሞተ። ይህን ይዛ ከአባቱ ከአዳማ ጋር ስትሠራ ኖረች። እሱ እንደ ልጁ ያያታል! ለእኔ ከቀለበቱም ይህ ይከብዳል። «ምን አጠፋች?» ያላችሁት ሰዎች፣ ገና አልጨረስንም።

ጭቅጭቁን የፊታችን ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ እንቀጥላለን። ቡናው በእኔ ነው፣ ቆሎ የሚያመጣ ይንገረኝ።