ማስተርሱ ከክፍል አያርቀን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። መስማት የተሳናቸው ልጆችና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ።

እኛ የልዩ ፍላጎት መምህራን ስለምንወስደው የማስተርስ ሥልጠና አንድ ነገር ልበል። ንድፈ ሐሳቡ ጠቅሞኛል፤ አልክድም። የምልክት ቋንቋ ግን በአንድ ኮርስ አይለመድም። ዓይነ ስውራን በጣት ዳስሰው የሚያነቡት ብሬልም እንደዚያው፤ ጣት ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። አንድ ልጅ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ ምን እንደረበሸው ማወቅስ? ደወሉ ይሆናል፣ የቦታ ለውጥ ይሆናል፣ ከጎረቤት ግንባታ የሚመጣው ጫጫታም ይሆናል። ይህን መለየት የሚለመደው ልምድ ካለው መምህር ጎን ተቀምጦ ነው።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያፀደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ ወይም ብሬል የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ይጠይቃል። እንግዲያው ዩኒቨርሲቲዎች ሠልጣኞቻቸውን ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ወደ ከተማዋ ዳር ትምህርት ቤቶች ይላኩልን። የመመረቂያ ጥናታቸውንም እዚሁ ይሥሩ።

ሌላው የሚያሳዝነኝ፣ ማስተርሱን የያዘ ጎበዝ መምህር ብዙም ሳይቆይ ወደ ቢሮ መሄዱ ነው። አልፈርድበትም፤ ኑሮ ነው። ልጆቹ ግን እንደገና አዲስ ሰው መልመድ አለባቸው፤ ለእነሱ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። ክፍል ውስጥ ለሚቆይ መምህር የደረጃ እድገትና የቤት አበል ይታሰብለት።

መምህርት ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ