ሰርኩሌሽን ፓምፕ ከማስገጠማችሁ በፊት

ክቡራን ደንበኞቻችን፦

በአዲስ አበባ ቤት እየሠራችሁ ካላችሁም ሆነ ነባር ቤታችሁን ከምታድሱት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ፣ ሙቅ ውሃ ቧንቧው እንደተከፈተ ወዲያው እንዲወርድ የሚያደርገውን ሰርኩሌሽን ፓምፕ ማስገጠም ያዋጣል ወይ የሚል ነው። በስልክ በጥድፊያ ከምንመልስ በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል።

የችግሩ ምንጭ ርቀት ነው። ማሞቂያው ጣሪያ ላይ፣ ኩሽናው ደግሞ ምድር ላይ በሌላው ጫፍ ሲሆን፣ በመካከል ባለው ቧንቧ ውስጥ ያደረው ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ሙቁ የሚደርሰው ያ ሁሉ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ባለ 32 ሚሊሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ በሜትር ሲሶ ሊትር ያህል ይይዛል፤ 25 ሜትር ከሆነ ወደ 9 ሊትር ይጠጋል። በአንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት የቤቱ እመቤት በየጠዋቱ ይህንኑ ውሃ በቢጫ ጀሪካን ሲያጠራቅሙ አይተን ብንለካው 11 ሊትር ሆኖ አገኘነው፤ ቧንቧው ራሱ እስኪሞቅ ጥቂት ይጨምራልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በቀላሉ የሚታይ ብክነት አይደለም።

ፓምፑ የቀዘቀዘውን ውሃ በመመለሻ መስመር ወደ ማሞቂያው እየገፋ ይህን ብክነት ያስቀራል፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ወጪው ግን ብዙ ሰው ከሚጠረጥረው ቦታ አይመጣም። 25 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ሌት ተቀን ቢሠራ እንኳ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው። ዋናውን ኃይል የሚበላው ቧንቧው ነው፦ ሽፋን የሌለው የሞቀ ቧንቧ በሜትር 20 ዋት ያህል ሙቀት ቢለቅ፣ ምልልሱ (መሄጃውና መመለሻው ቧንቧ በአንድ ላይ) 40 ሜትር በሆነ ቤት በቀን 19 ኪሎዋት ሰዓት ይባክናል፤ ይህም ባለ 1500 ዋት ቦይለር 13 ሰዓት ገደማ በርቶ እንደሚውል ይቆጠራል። እኛም ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛችን ያለ ሰዓት መቆጣጠሪያ ገጥመን የመብራት ሂሳባቸው ስለናረ፣ ይቅርታ ጠይቀን በራሳችን ወጪ አስተካክለናል። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ሳይሸፈንና ፓምፑ በሰዓት ወይም በማዘዣ ቁልፍ እንዲሠራ ሳይደረግ አንገጥምም።

ሶላር ያላችሁ በተለይ ልትጠነቀቁ ይገባል፤ ፓምፑ ሌሊት ከሠራ ቀን ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ በየቧንቧው እየዞረ ቀዝቅዞ ያድራል። ሮቶው ባዶ ሆኖ መስመሩ አየር ሲይዝም ፓምፑ በደረቁ እየዞረ ስለሚቃጠል መከላከያ ያስፈልገዋል። አካሉ ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን፤ ተራው ብረት ሁልጊዜ አዲስ ውሃ በሚገባበት መስመር ቶሎ ይዝጋል።

ሴራሚኩ ባለቀ ቤት መመለሻ መስመር መዘርጋት ግድግዳ ማፍረስ ስለሚጠይቅ፣ ከመታጠቢያው ሥር በሚገጠም ቫልቭ ቀዝቃዛውን መስመር ለመመለሻ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን ከቀዝቃዛው ቧንቧ መጀመሪያ የሚወርደው ለብ ያለ ውሃ ስለሚሆን፣ የሚጠጣ ውሃ ከዚያው ለሚቀዳ ቤተሰብ አንመክረውም። ለእንዲህ ያለው ቤት ኩሽና ውስጥ 10 ወይም 15 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ማሞቂያ መግጠም ብዙ ጊዜ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ቦይለሩ እዚያው ሻወሩ አጠገብ ላለበት ኮንዶሚኒየም ደግሞ ፓምፑ ጨርሶ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ጠዋት ማንም ሳይጠቀም ሩቁን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱና እስኪሞቅ የሚወርደውን በባልዲ ለኩ። ከ3 ሊትር በታች ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ግንባታ ላይ ያላችሁ ግን ፓምፑን አሁን ባትገዙም፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት መመለሻ መስመሩን አዘርጉ፤ ስንት ሜትር እንደሚሆን መጥተን ያለ ክፍያ እንለካላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቧንቧና ሳኒተሪ ሥራ ድርጅታችሁ