ስለ ቀሪዎቹ የተገኙትን ጠይቄ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደ ድሮ ደብዳቤ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው ስለ ናፍቆት ሲያወራ ግን እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴም ደህና ናት። «ያ ቀጭኑ ልጅ የት ገባ?» ባለችኝ ቁጥር «ሐዋሳ ነው» ብቻ ብዬ ወሬውን አዞርባታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኩርፊያ፣ የኋለኞቹን በእፍረት አሳለፍኳቸው። በመካከሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ የከረመበት ጊዜ ነበርና እሱን ሰበብ ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ መስመሩ ሲመለስም ግን አልጻፍኩልህም።

ከተማችን ብዙ ተለውጣለች። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ተመርቆ መኪናው ይተላለፍበታል፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ፖሊና ፔዳ፣ ማለትም ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ፣ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ቢሆንም ባጃጅ ነጂዎቹ ዛሬም «ፔዳ! ፔዳ!» እያሉ ነው የሚጣሩት። ጣናን የወረረው እምቦጭ አንዳንዴ ይሸሻል፣ አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። አሁን እኔም አማካሪ ተብዬ የማስተርስ ተማሪዎችን ጽሑፍ አያለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ጎበዝ ተማሪ «ሴት ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበት ምክንያት» የሚል ረቂቅ አመጣችልኝ። የናሙናውን ቁጥር፣ ማለትም ከጠቅላላው ስንት ተማሪ እንደሚጠየቅ፣ በያማኔ ቀመር አስልታዋለች፤ መቼም አገራችን ውስጥ ያለዚህ ቀመር የሚመረቅ ያለ አይመስለኝም። ጠቅላላው ተማሪ 1200፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ። የ0.05ን ካሬ በ1200 አባዝታ 1 ስትጨምርበት 4 ሆነ፤ 1200 ለ4 ሲካፈል 300። ዕጣው በሥርዓቱ ወጥቷል፣ መጠይቁም ክፍል ውስጥ ተሞልቷል። ሁሉም ልክ ነው ብዬ ልፈርምላት ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ እጄ ቀረ። 300ዎቹ ልጆች በሙሉ ክፍል ውስጥ የተገኙ ናቸው። ትምህርት ያቋረጠች አንዲት ልጅ እንኳ በመካከላቸው የለችም።

ያን ጊዜ ድምፅህን ሰማሁት። በጣና ዳር ካለችው ከዘጌ ስንመለስ ጀልባው ላይ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ታኅሣሥ 2008 ነበር። ስለ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት መቅረት ለምሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለ አንዳች ክፍያ ቀኑን ሙሉ መጠይቅ ስታድል ውለህ፣ ማስታወሻ ደብተርህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ «ስለ መቅረት የጠየቅናቸው እኮ ያልቀሩትን ነው» አልከኝ። እኔም «አንተ የፊዚክስ አስተማሪ ነህ፤ ስለ ማኅበራዊ ጥናት ምን ታውቃለህ!» ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ አዋረድኩህ። ባሕር ዳር እስክንደርስ ሁለታችንም ውኃውን ብቻ ስናይ ነበር።

ተማሪዬ ከወጣች በኋላ ቤት ሄጄ የዚያን ጊዜ መጠይቆች ያሉበትን ጆንያ አወረድኩት። መጠይቆቹን እስካሁን አልጣልኳቸውም። ሁለት ሌሊት አገላበጥኳቸው፤ ያየሁትን ለሌላ ሰው ብነግር አይገባውም፤ አንተ ግን አብረኸኝ ነበርክ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የእስማማለሁ-አልስማማም ጥያቄዎቹን ነው፤ ሊከርት የተባለው አሜሪካዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ። «ትምህርት ቤት መምጣት ያስደስተኛል» ለሚለው አንዱ ልጅ «በጣም እስማማለሁ» ብሏል። ዝቅ ብሎ «ትምህርት ቤት መምጣት ይሰለቸኛል» ለሚለውም ያው ልጅ «በጣም እስማማለሁ» ብሏል። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ተሳስቶ ነው ባልኩ ነበር፤ ወረቀት በወረቀት ግን እንደዚያው ነው። ከከተማ የመጣ፣ ጫማው የተወለወለ እንግዳ፣ ያውም ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ሲሰጠው ልጅ ምን ይላል? ይስማማል እንጂ! እኔ አመለካከት ለካሁ ብዬ የለካሁት ይሉኝታን ኖሯል።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የመጠይቁን አስተማማኝነት ለማየት የክሮንባህን አልፋ፣ ማለትም የጥያቄዎቹ መልሶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሳሰላ በተለምዶ ከሚጠበቀው ከ0.70 በታች ሆነብኝ። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ የትኛው ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ምን ያህል እንደሚሆን ዘርዝሮ አሳየኝ። እንደ «ይሰለቸኛል» ያሉትን በተቃራኒ የተጻፉ ጥያቄዎች አንድ በአንድ አውጥቼ ጣልኩ፤ ቁጥሩ አደገልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ልጆቹ እንዲሁ እየተስማሙ መሆናቸውን የሚመሰክሩት እነዚያው ጥያቄዎች ነበሩ። ምስክሮቹን ከችሎት አስወጥቼ በጥሩ ፍርድ ተመረቅሁ ማለት ነው። ፈታኞቼም «መጠይቁ አስተማማኝ ነው» ብለው አመሰገኑኝ፤ እነሱ ያዩት ያሳየኋቸውን ነውና አልፈርድባቸውም።

ቀጥሎ ዋናው ግኝቴ። «የወላጆች አለመማር የተማሪዎችን መቅረት ያስከትላል» ብዬ ጽፌ ነበር። ኮምፒውተሩ የነገረኝ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ብቻ ነው፤ «ያስከትላል» የምትለዋን ቃል የጨመርኳት እኔ ነኝ። ለመሆኑ እዚያ የተማረ ወላጅ የሚባለው ማን ነበር? መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የቀበሌው ሠራተኛ፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው። የሌሎቹ ልጆች ቤት ግን ጫካው ውስጥ ነው፣ እንጀራቸውም ቡና ነው። ዘጌ እንደምታውቀው ከጥንት ጀምሮ ሞፈር የማይገባበት፣ በቡና የሚኖር አገር ነው። ቡናው ሲቀላ ቤተሰቡ በሙሉ ይለቅማል፤ ትንሽ ትልቅ የለም። እኛ ደግሞ የሄድነው በታኅሣሥ ነበር። እኔ የወላጅ ትምህርት ብዬ የቆጠርኩት ምናልባት ጓሮው ውስጥ ቡና ያለውንና የሌለውን ይሆናል።

ሰባት ገጽ መጠይቅ ነበረኝ። አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈልጌው «ቡና» የሚል ቃል የለበትም። ጀልባው ላይ እኔና አንተ የተጨቃጨቅነው ግን ምን ላይ ተቀምጠን እንደነበር አስታወስክ? የቡና ጆንያ ላይ!

ከዚህ ወዲያ ቁጥር የሰማሁ ጊዜ እንቅልፍ አይወስደኝም ማለት ጀምሬአለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ አንዱ «የልጆቹ ዕውቀት በአንድ ዓመት ተንዶ አለቀ» አለ። ያኔ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ዛሬ ቢሆን እከራከረው ነበር። በዚያ ዓመት ልጆቹ የተፈተኑት በየትምህርት ቤታቸው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው፤ ኩረጃን ለመከላከል። ሚዛኑ ተቀይሮ ሳለ ዕቃው ቀለለ አይባልም፤ ዱሮም ያን ያህል ይከብድ እንደነበር የነገረን አሮጌው ሚዛን ነውና። በዓመቱ በዚያው ሥርዓት ተፈትነው 3.2 በመቶ ሆነ፤ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ያ ማለት ትምህርታችን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ግን የጀመረው ቴርሞሜትሩ በተቀየረበት ቀን አልነበረም።

ተማሪዬ ረቂቋን መለስኩባት ብላ አለቀሰች። ይበልጥ የጎዳኝ ደግሞ መቆጣቷ ነው፤ ፊቷ ላይ የራሴን ፊት አየሁት። ጆንያውን አምጥቼ ያቺን የሊከርት ገጽ ሳሳያት ግን ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀች። አሁን የስም መጥሪያ መዝገቦቹን ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ እየገለበጠች ነው፤ ስማቸው የጠፋውን ልጆች ቤት ለቤት ልትፈልግ ተነሥታለች። ሦስት መቶ አታገኝም። ሃያ ብታገኝ፣ ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ብትነጋገር ይበቃታል ብያታለሁ። ፈታኞቹ «ናሙናው አነሰ» ሲሏት የምትመልሰውን አብረን እያዘጋጀን ነው።

ጆንያው ግርጌ ላይ ምን እንዳገኘሁ ልንገርህ። ያን ማስታወሻ ደብተርህን። ለካ ያን ቀን ተናደህ ወርደህ ስትሄድ ጥለኸው ነው፤ እኔም ሳላየው ከመጠይቆቹ ጋር ጠቅጥቄዋለሁ። እኔ ፊት ለፊት ያሉትን ልጆች ስቆጥር አንተ ባዶዎቹን መቀመጫዎች ሥለሃቸዋል። ሰባተኛ ክፍል፣ የመስኮቱ ረድፍ፣ አራት ማእዘን በአራት ማእዘን፣ ባዶው ላይ የኤክስ ምልክት። ከሥሩ በዚያች ጠማማ ጽሕፈትህ «እነዚህስ?» ይላል።

ደብተሩን በፖስታ አልልክልህም። መጥተህ ውሰደው። የቡናው ለቀማ ሳያልቅ ብትመጣ ከተማሪዬ ጋር ዘጌ እንሻገራለን፤ መቀመጫዎቹን አንተ ትሥላለህ፣ እኔ ቤት ለቤት እሄዳለሁ። አሳውም አለ። «የሐዋሳ አሳ ይበልጣል» የሚለውን ክርክርህን ይዘህ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ግን ከሁለቱም ሐይቅ ቢያንስ ሠላሳ ሠላሳ ሳህን ሳንበላ ድምዳሜ አልቀበልም።

ጀልባው ላይ ስለተናገርኩህ ይቅር በለኝ። ለልጆቹ፣ ለእመቤቲቱም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያው ግትሩ ጓደኛህ