የማዕዱ ተረኞች

በርሊን፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከብርዱና ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ከዚያ በመጣ መንገደኛ እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። እድራችን ከቀብርና ከሐዘን አልፎ፣ በሰፈሩ ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ለተጠለሉ ወገኖች አንድ ነገር ለማድረግ መወሰኑን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ለሁለት መከፈሉን፣ ከፊሉ «ውጭ ያሉት ልጆቻችን ገንዘብ ይላኩልንና ለበዓል ዱቄትና ዘይት እናድል» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ «አንድ ጊዜ አድለን የምንጠፋ ከሆነስ?» ብሎ መስጋቱን ጽፈውልኛል። እርስዎም የእድሩ ጸሐፊ እንደመሆንዎ፣ እኔ በየሳምንቱ የማገለግልበት የዚህ አገር ማኅበር ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚያዝበት፣ በጎ ፈቃደኞቹስ ያለ ደመወዝ እንዴት እንደማይሰለቹ በዝርዝር እንዳስረዳዎ ጠይቀውኛል። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ በጽሑፍ መመለስን መረጥሁ።

ማኅበሩ «ታፌል» ይባላል፤ የተዘረጋ ማዕድ እንደ ማለት ነው። የተመሠረተው እዚሁ በርሊን ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ሲሆን፣ መሥራቾቹም ጥቂት ሴቶች ነበሩ። በኒውዮርክ ከምግብ ቤትና ከገበያ የተረፈውን እየሰበሰበ ለችግረኛ የሚያደርስ ማኅበር መኖሩን ሰምተው፣ ያንኑ ሥራ ለበርሊን ቤት አልባዎች ጀመሩት። ዛሬ በመላው ጀርመን ከ960 በላይ ታፌሎች አሉ፤ የሚሠሩባቸውም ሰዎች ከ60,000 የሚበልጡ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ምንም የማይከፈላቸው ናቸው።

የበርሊኑ ታፌል ማዕከል ቦይሰልሽትራሰ በተባለው መንገድ፣ በከተማዋ የጅምላ አትክልት ገበያ ግቢ ውስጥ ነው። መኪናዎች ከየሱፐርማርኬቱና ከየዳቦ ቤቱ ያልተሸጠውን ያመጣሉ፤ በጎ ፈቃደኞች የበሰበሰውን ከደህናው ይለያሉ፤ ከዚያ ለየሰፈሩ ማከፋፈያ ይላካል። እኔ የማገለግለው ከማከፋፈያዎቹ በአንዱ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ይህን የሰፈር ሥራ ታፌል፣ አብያተ ክርስቲያናትና የከተማዋ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በነሱው አቆጣጠር በ2005፣ አብረው የጀመሩት ሲሆን፣ ስሙን «ላይብ ኡንት ዜለ» ብለውታል። ቅኔ ስለሚወዱ ይህችን ልንገርዎ፦ «ላይብ» በጆሮ ሲሰማ ሥጋ ማለት ነው፤ በጽሑፍ አንዲት ፊደል ሲለወጥ ግን ሙልሙል ዳቦ ይሆናል። «ሥጋና ነፍስ» የሚለውን የታወቀ አባባል «ዳቦና ነፍስ» አድርገውታል ማለት ነው። ጀርመኖች ሰምና ወርቅ አያውቁም ያለ ሰው ተሳስቷል።

እስካሁን ያልነገርኋችሁን አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ልናገር። እዚያ አዳራሽ መጀመሪያ የገባሁት ለማገልገል ሳይሆን ለመቀበል ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን በምጠብቅበት ዓመት እጄ ላይ የነበረው ድጎማ ወሩን አያደርሰኝም ነበር። ያን ጊዜ በስልክ «ሁሉ ሙሉ ነው» እላችሁ የነበረው እንዳትጨነቁ ብዬ ነው፤ ይቅር በሉኝ። ሰው የሚሄደው በመኖሪያ አድራሻው ወደ ተመደበለት ማከፋፈያ ነው፤ ድጎማ ተቀባይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያቀርባል፤ ጥቂት ሳንቲምም ይከፍላል። ይህች ክፍያ ለማኅበሩ ይህን ያህል ጥቅም የላትም፤ ለከፋዩ ግን አላት፤ ከፍሎ የሚወስድ ሰው አንገቱን አይደፋምና። በእኛ አዳራሽ ወረፋው የሚያዘው በመግፋትና በመቅደም አይደለም፤ ከበሩ ላይ ከተቀመጠ ቅርጫት ልክ እንደ እቁብ ዕጣ ቁጥር ይወጣል። ጉልበተኛውም ደካማውም እኩል ነው፤ ሌሊት መጥቶ በብርድ መቆም ምንም አይጠቅምም።

የመጀመሪያ ቀን 41 ቁጥር ደረሰኝ። ከጠረጴዛው ማዶ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ካሮት በሁለት እጃቸው ይዘው «ቅጠሉን ልቁረጠው ወይስ ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። ቋንቋው ገና ስላልገባኝ በጣታቸው መቀስ ሠርተው አሳዩኝ። ተቆርጦ ይሁን ሳይቆረጥ መጠየቅ ምን ቁም ነገር አለው ሊሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በሄድሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ እኒሁ እናት ወገባቸውን አሟቸው ሣጥን ማንሳት ሲያቅታቸው አይቼ ወደ ውስጥ ገባሁና አነሳሁላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስሜ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ጠበቀኝ። ማመልከቻም ቃለ መጠይቅም አልነበረም። የፈቃድ አገልግሎትን «ኤረንአምት» ይሉታል፤ ቃል በቃል የክብር ሹመት ማለት ነው፤ የኔም ሹመት የካሮት ጠረጴዛ ሆነ።

እንግዲህ ለጥያቄዎ የምሰጠው ዋና መልስ ከዚህ ዝርዝር ላይ ነው። እዚያ ሰዎቹን የያዘው ተራው ነው። ማክሰኞ መኪና የሚነዳው ጡረተኛ፣ ረቡዕ ጠዋት ዳቦ የምትለየው ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ ወለል የሚያጥበው ሶርያዊ ሁሉ ሰዓታቸው ተጽፏል፤ አንዱ ቢቀር ሥራው የሚጎድለው በማን ጠረጴዛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሶርያዊው ራሱ ተቀባይ ነው፤ ምግቡን እንደማንኛውም ሰው ቁጥሩ ሲጠራ ይወስዳል። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ጎረቤታሞች በስም ተዋውቀዋል። እኒያ አሮጊት ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ከቤት ያመጣላቸው ያ ወለል የሚያጥበው ሰው ነው፤ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው።

ለጋሾችን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ነገሩ በአንድ ባለጸጋ የሚቆም አይደለም። ሱፐርማርኬቶች የሚሰጡት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦና ወተት ነው፤ ለእነርሱም ከመጣል ይሻላቸዋል። ሩዝ፣ ዘይት፣ ፓስታና ቡና ግን ቶሎ ስለማይበላሹ እምብዛም አይተርፉም። ስለዚህ በተወሰኑ ቀናት በሱቆች በር ላይ ቆመን «አንድ ይጨምሩ» የምትል ወረቀት እናድላለን፤ ሰው ለራሱ ከሚገዛው ላይ አንዲት ዕቃ ጨምሮ ሲወጣ ለእኛ ያስቀምጣል። ሰዎች የሚሰጡት ራሳቸው የሚወዱትን መሆኑን እዚያ ቆሜ ታዝቤያለሁ፤ ቱርካዊቷ እናት ምስር፣ ጀርመናዊው ሽማግሌ ቡና። ረቡዕ ዕለት ቡና ከጠረጴዛ ላይ ሲወጣ አዳራሹ እንዴት እንደሚፈካ ቢያዩ፣ የሸዋ ሰው የተሰበሰበ ይመስልዎታል። ለነዳጅ፣ ለኪራይና ለማቀዝቀዣ የሚሆነው ደግሞ ከአባላት መዋጮና ከግለሰቦች ስጦታ የሚመጣ ነው።

ሂሳቡን ማን ይቆጣጠራል ላሉት፣ ይህ እርስዎን ብዙም አያስደንቅዎትም። በዚህ አገር ማኅበር አቋቁሞ ለማስመዝገብ ቢያንስ 7 ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ከአመራሩ ውጭ ያሉ አባላት መዝገቡን መርምረው ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባሉ። ለሰጪው ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ በእሱም ግብር ከሚከፍልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል። ከግብሩ ቅናሽ በቀር ሁሉም በእድራችን ያለ ነው። ስለዚህ «ውጭ አገር እንዴት ይሠራሉ?» ሲሏችሁ እንግዳ ነገር እንዳትጠብቁ፤ መዝገቡም ጡሩምባውም በእጃችሁ ነው።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው እንዳይሉኝ ደግሞ፣ የተሳሳተውንም ልጻፍ። የኔን ስሕተት አስቀድማለሁ። አንድ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያን የማውቃት ኢትዮጵያዊት ወረፋው ውስጥ ቆማ አየሁ። እኔ ሞኟ እጄን አውለብልቤ በአማርኛ ጮክ ብዬ ሰላም አልኋት። ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ ቁጥሯን ቅርጫቱ ላይ መልሳ ወጣች። ይሉኝታ ምን እንደሚያደርግ እኔ ራሴ ቀምሼው ሳለሁ መርሳቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ፣ ተራዋ እስኪያልፍ ባዶ ሣጥን የማመጣ መስዬ ጓዳ ገባሁ። ወደ ጠረጴዛው ስመለስ እዚያው ቆማ ነበር፤ «ድንቹ ከየትኛው ይሻላል?» አለችኝ፤ ነገርኋት፤ ሌላ ነገር አላወራንም።

ሌላው በአገር ደረጃ የታወቀ ነው። በ2018፣ በነሱው አቆጣጠር፣ ኤሰን በተባለች ከተማ የሚገኘው ታፌል የውጭ አገር ዜጎች ከተመዝጋቢዎቹ ሦስት አራተኛ ያህል ሆኑ በሚል፣ የጀርመን ፓስፖርት የሌለውን አዲስ ሰው መመዝገብ አቆመ። ክርክሩ እስከ መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ደረሰ፤ እሳቸውም ነቀፉት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ውሳኔው ተነሣ። ይህን የማነሣው ጀርመኖችን ለማማት አይደለም። ዕቃው ሲያንስና ወረፋው ሲረዝም «የኛ ሰው ይቅደም» የሚለው ድምፅ ከየትም አዳራሽ ይነሣል፤ ከእድራችንም ይነሣል። ነባሩ የሰፈር ሽማግሌና ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች እናት ለአንድ ኩንታል ዱቄት ሲፋጠጡ፣ ጸሐፊው እርስዎ ነዎት። ደንቡን ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ጽፋችሁ፣ በጉባኤ አስነብባችሁ፣ አጽድቁት። ዕጣውንም አትናቁት።

ስለ በዓሉ ዱቄትና ዘይት የጠየቁኝን ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። እኛ ውጭ ያለን ብቻ የምንሸፍነው ነገር እኛ በደከምን ዕለት ይቆማል፤ መድከማችንም አይቀርም፤ የቤት ኪራይ እዚህም አለ። እያንዳንዱ አባል በወር አንዲት ኩባያ ምስር ወይም ሽሮ ቢያመጣ፣ ወፍጮ ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ ቢፈጭ፣ የእድሩ ድስትና ድንኳን ከሐዘን ቀን ውጭም ቢሠራ፣ የኛ ገንዘብ ጎደሎውን መሙያ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ በላይ የተፈናቀሉት ሰዎች በተረኞቹ መዝገብ ውስጥ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጻፉ። ከመካከላቸው አስተማሪ አለ፣ ግንበኛ አለ፣ እንጀራ የምትጋግር አለች። ለመቀበል ብቻ ተሰልፈው ከቆሙ ደብረ ብርሃን አሥር ዓመት ቢኖሩ እንግዳ ናቸው፤ ከእማዬ ጋር አንድ ምጣድ ላይ ከተቀመጡ ግን እማዬ በሁለተኛው ሳምንት የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ታውቀዋለች፤ ጠባይዋን ያውቁታል።

ጥንቃቄን በተመለከተ አንዲት ነገር ብቻ፦ የታሸገ ምግብ ላይ «ቢያንስ እስከዚህ ቀን ይቆያል» የሚለውና «እስከዚህ ቀን ብቻ ይበላ» የሚለው እዚህ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ቀኑ ቢያልፍም አሽትተንና ቀምሰን እንሰጣለን፤ ሁለተኛው፣ ለምሳሌ የተፈጨ ሥጋ፣ ካለፈ ይጣላል። እናንተም ዘይትና የታሸገ ወተት ሲሰጧችሁ ቀኑን የሚያይ አንድ ዐይነ ጥሩ ወጣት መድቡ።

በዚህ ደብዳቤ ገንዘብ አልላክሁም፤ በሚቀጥለው ወር በባንክ እልካለሁ፤ ሲደርስዎ ከሌላው አባል መዋጮ ሳይለይ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ። የተረኞቹ ዝርዝር ሲወጣም ስሜን ከእህቴ ስም ሥር ጻፉልኝ። እንደማልገኝ አውቃለሁ፤ ለቀረሁበት ለእያንዳንዱ ቀን እንደ ደንቡ ቅጡኝ፤ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ያሳውቁኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ