የሀገር ልጅም ቢሆን ውሉ በጽሑፍ ይሁን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጋዜጣዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ለሀገር ልጅ የሚከራይ ቤዝመንት» የሚል ማስታወቂያ ያልወጣበት እትም ያየሁ አይመስለኝም። በዳንፎርዝ ጎዳና በሚገኙት የእኛ ሰዎች ሱቆችና ምግብ ቤቶች መስታወት ላይም ይኸው ማስታወቂያ በእጅ ተጽፎ፣ ከሥሩ ያለውን ስልክ ቁጥር ሰው እየቆረጠ እንዲወስደው በመቀስ ተተልትሎ ተለጥፎ ይታያል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ዕድሜዬ 27 ሲሆን የምተዳደረውም በአማርኛ አስተርጓሚነት ስለሆነ፣ በየቤዝመንቱ የሚኖሩ ሰዎች ችግራቸውን በየቢሮው ሲያስረዱ ቃላቸው የሚያልፈው በእኔ አፍ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እርስ በርሳችን ቤት ስንከራይና ስናከራይ ውላችንን በጽሑፍ አለማድረጋችን ነው።

አስቀድሜ የደረሰብኝን ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ ራሴን ችዬ ለመኖር ወሰንኩ። በዚህ ከተማ ይህ ለወጣት ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በቶሮንቶና በአካባቢዋ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 34 ከሆኑት መካከል 47.4 በመቶው ከወላጅ ጋር ይኖሩ ነበር። እናቴ የምታውቃቸው አንዲት ሴት ከቤታቸው ሥር ያለውን ክፍል በወር 950 ዶላር ሊያከራዩኝ ተስማሙ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ፤ ስለ ውል ስጠይቃቸው «አንቺ እኮ ልጄ ነሽ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?» አሉኝ። እውነትም እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበር። ጉንፋን ሲይዘኝ አጥሚት ሠርተው አጠጥተውኛል፤ የገና ዕለት ዶሮ ወጡን እንቁላሉ ሳይቀር በሳህን አድርገው ደረጃውን ወርደው አምጥተውልኛል። ገና ባለፈ በሳምንቱ ግን፣ በረዶው መስኮቴን ደፍኖት ቀን ሳይቀር መብራት አብርቼ በምውልበት ሰሞን፣ የእህታቸው ልጅ ሊመጣ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉን እንድለቅ ነገሩኝ። የመጨረሻ ወር ብዬ ያስያዝኩትንም ገንዘብ «ለቀለም ይሆናል» ብለው አስቀሩት። እኔም ምንም አላልኩም። ከእናቴ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሱት፤ ይሉኝታ ያዘኝ።

ሕጉን በቅጡ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ፣ ለሌሎች ሳስተረጉም ነው። ቶሮንቶ ያለችበት የካናዳው የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕግ ለተከራይ ብዙ ይከላከላል። ባለቤቱ ቤቱን ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁ ወይም ለወላጁ ቢፈልገው እንኳ ለተከራዩ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠትና የአንድ ወር ኪራይ ካሳ መክፈል አለበት፤ የእህት ልጅ ደግሞ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አከራይ በመያዣነት መቀበል የሚችለውም የመጨረሻውን ወር ኪራይ እንጂ ለቀለም ወይም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ተከራዩ ወጥ ቤቱን ወይም መታጠቢያ ቤቱን ከባለቤቱ ወይም እዚያው ቤት ከሚኖሩት የባለቤቱ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ ወይም ወላጅ ጋር የሚጋራ ከሆነ፣ ይህ ሕግ በሙሉ አይመለከተውም። እኔ ሽሮዬን የማበስለው ላይ ወጥቼ በሴትዮዋ ምድጃ ስለነበር ከዘረዘርኳቸው መብቶች አንዱም የእኔ አልነበረም። እንዲህ ያለ ተከራይ ክርክር ቢገጥመው የሚቀርበው እንደማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ በአነስተኛ የገንዘብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ የሚጠየቀው «ምን ተዋዋላችሁ?» ተብሎ ነው። ሕጉ የማይደርስለት ሰው ያለ ወረቀት ባዶ እጁን ነው ማለት ነው።

በሥራዬ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለብኝ የማንንም ማንነት የሚገልጽ ነገር አልጽፍም፤ አንድ ያየሁትን ወረቀት ግን ልግለጽ። በቅርቡ የመጣ አንድ ወንድማችን የመንግሥት የኑሮ ድጎማ ለማግኘት አመልክቶ ኪራይ ስለመክፈሉ ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ የተቀደደ ነበር። በጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «900 ተቀብያለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የተቀባዩ ስም የለም፣ የቤቱ አድራሻ የለም፣ ቀን የለም። ወረቀቱን ስገለብጠው የኅዳር ወር በዓላት ተዘርዝረውበት ስላየሁ፣ ክፍያው የየትኛው ወር እንደሆነ ለማስረዳት ኅዳር ሚካኤልና ጽዮን ማርያም በፈረንጆቹ አቆጣጠር መቼ እንደሚውሉ ለሠራተኛዋ ቀን በቀን መተርጎም ነበረብኝ። ሠራተኛዋ በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ከዚያም ወረቀቱን ልትቀበለው እንደማትችል ነገረችን። ነገሩ ቀላል አይደለም። በኦንታሪዮ ድጎማ ብቻውን የሚኖር ሰው በወር ቢበዛ የሚያገኘው 733 ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 390 የሚደርሰው ለቤት የሚሰጠው ኪራይ መክፈሉን ሲያሳይ ነው። አከራዩ ስማቸውን ጽፈው አንድ ደረሰኝ ቢሰጡት ኖሮ ያ ሰው ለዚያ ወር የሚበላውን አያጣም ነበር። በሕጉ የሚተዳደር ተከራይ ሲጠይቅ አከራዩ ያለ ክፍያ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ይህም ቢሆን የሚታወቅ አይመስለኝም።

አከራዮቻችንን ክፉዎች ናቸው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ ከአፍሪካ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች የቶሮንቶ መጠለያዎች ሞልተዋል ተብለው በፒተር ጎዳና በሚገኘው የመጠለያ ማስተናገጃ ደጃፍ በእግረኛ መንገድ ላይ ካርቶን አንጥፈው አድረዋል። ያን ጊዜ በራቸውን ከፍተው ያስገቧቸው የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናትና በቤታቸው ያስጠጓቸው የግለሰብ ቤተሰቦች ነበሩ። የመንግሥት ቤት ያነሰበት ምክንያትም ከትናንት ወዲያ የመጣ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለአዳዲስ የማኅበራዊ ቤቶች ግንባታ የሚሰጠውን ገንዘብ ያቋረጠው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ፕሮግራም ሰርዟል፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ማለት ነው። ያኔ ሳይሠሩ የቀሩትን ቤቶች ዛሬ እየተካ ያለው የየግለሰቡ ቤዝመንት ነው። የአንድ አዲስ መጤ የመጀመሪያ ክረምት በሰላም ያለፈው አንዲት እናት «ና ልጄ፣ ታች ክፍል አለ» ስላሉት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ርኅራኄ ግን ተከራዩ መብቱን መጠየቅ እንደ ውለታ ቢስነት እንዲሰማው ሲያደርግ፣ ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የባለቤቶቹን ስጋትም ቤቴ ውስጥ ስሰማው ስላደግሁ አልንቀውም። ወላጆቼ በስካርቦሮ ባለው ቤታቸው ሥር ያለውን ክፍል ከ15 ዓመት በላይ ሲያከራዩ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ውል ጽፈው አያውቁም ነበር። አባቴን ለምን ብዬ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ወረቀት ከጻፍኩ ተከራዩ አይወጣልኝም»። በእርግጥ የአከራይና የተከራይ ጉዳዮችን የሚያየው የክፍለ ሀገሩ ቦርድ ሥራው ምን ያህል እንደዘገየ የታወቀ ነው፤ የኦንታሪዮ እንባ ጠባቂ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከ38,000 የሚበልጡ ማመልከቻዎች ውሳኔ ሳያገኙ ተከማችተው እንደነበር ገልጿል። በዚያው ዓመት የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ በ2022 መጀመሪያ ከነበረበት 0.25 በመቶ ተነሥቶ 5 በመቶ ደርሶ ስለነበር፣ የቤት ዕዳቸውን በቤዝመንቱ ኪራይ የሚከፍሉ እንደ ወላጆቼ ያሉ ሰዎች አንድ ወር ሳይከፈላቸው ቢቀር የሚይዙትን የሚያጡ ናቸው። ሆኖም አባቴ የተሳሳተበትን ቦታ ቁጭ ብለን በወረቀት ላይ አየነው። የእኛ ተከራይ የራሷ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ስላላት፣ ውል ተጻፈም አልተጻፈም በሕጉ ትጠበቃለች፤ የቃል ውልም ውል ነው። ወረቀት ባለመጻፉ ያጣው ራሱ ነው፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ መብራትና ውኃው በማን ላይ እንደሆነ ቢካሰሱ ለቦርዱ የሚያሳየው አንዳች ነገር አልነበረውም።

ጽሑፍ የፈረንጅ ልማድ ነው፣ በእኛ ዘንድ መተማመን ይበልጣል የሚሉኝም አሉ። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ግን የእድርና የእቁብ አባላት ናቸው። በልጅነቴ እሑድ እሑድ የእናቴ እቁብ በእኛ ሳሎን ሲጣል አይቻለሁ። ጸሐፊዋ ባለ መስመሩን ትልቅ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው የእያንዳንዷን ስም እየጠሩ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ይመዘግባሉ፤ ዕጣ የወጣላት ሴት ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት ዋስ ትጠራለች፤ ዋስ አምጪ ስለተባለች የተቀየመች ሴት አላስታውስም። እድርም መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥና የአባላት መዝገብ አለው፤ ስንት ቀን የቀረ ሰው ስንት እንደሚቀጣ በጽሑፍ ሰፍሯል። ለድንኳንና ለወንበር እንዲህ የተጠነቀቅን ሰዎች፣ ሰው ለሚያድርበት ጣሪያ ወረቀት ሲጠየቅ እንደ ስድብ የምንቆጥረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በሀገር ቤትም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስም ለሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። እኛ ወጥተን የመጣንበት ሀገር ልማድ እያልን የምንጠቅሰው እዚያም በሕግ የቀረ ነገር ነው።

በኦንታሪዮ ከኤፕሪል 30 ቀን 2018 ወዲህ በሕጉ ለሚተዳደር ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ መንግሥት ያዘጋጀውን መደበኛ የውል ቅጽ መጠቀም ግዴታ ነው። ቅጹ በነጻ ይገኛል። አከራይ ሳይሰጥ ከቀረ ተከራይ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ በ21 ቀን ውስጥ ካልተሰጠውም የአንድ ወር ኪራይ ይዞ ማቆየት ይችላል። አባቴ ቅጹን ባለፈው ወር ሞላው። ተከራያችን ልጇን አስተኝታ ወደ ላይ ወጣች፤ እናቴ ቡና አፈላች፤ እኔ እያንዳንዱን አንቀጽ ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩ። ልጅቷ ሁለት አንቀጾችን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አንዱ አከራይ ወደ ክፍሏ ለመግባት የ24 ሰዓት የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት እንዳለበት የሚናገረው ነበር። አባቴ ልብስ ማጠቢያው እሷ ክፍል አጠገብ ስለሆነ ያለ ማንኳኳት ሲገባ ኖሯል። አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አላት። በማግስቱም የጋዝ ማሞቂያው ከተከራያችን አልጋ ጀርባ እንዳለ አስታውሶ አዲስ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዝቶ ሰቀለ፤ የቀድሞው ባትሪው ካለቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማናችንም አናውቅም ነበር።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ሊያወጡ ለሚመጡ ሰዎች ሁለት ጥያቄ እንዲቀርብላቸው ነው፦ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? ውሉስ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? መልሳቸው «ለሀገር ልጅ የሚከራይ» ከሚለው ሥር በአንድ መስመር ቢታተም፣ ስልክ ቁጥሩን ቆርጦ የሚሄደው ሰው ወደ ምን እንደሚገባ አውቆ ይደውላል። የመደበኛውን ውል ዋና ዋና አንቀጾች በአማርኛ ለአንባቢ ለማቅረብ ከፈቀዱ፣ ትርጉሙን እኔ ያለ ክፍያ እሠራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጋዜጣው አንባቢ
ቶሮንቶ